አምፖል ያለው አምፕሊፋየር

…ያኔ ቆቦ ላይ አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት አንድ ነገር ብለሽኝ ነበር፤ የሞተሩ ጩኸት ዋጠው።

አሰላሙ ዓለይኩም እህቴ ጀዊሪያ፤ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ማሽላውም ዘንድሮ አፍርቷል። ከጅዳ የላክሻቸው ስፒከሮች ግን አምፕሊፋየር አጥተው ዓመት ሙሉ ልብስ ማስጫ ሆኑ። ትናንት ከእማ ጋር ሬዲዮ ጠጋኙ ታሂር ዘንድ ሄደን ሁለት ርካሽ አምፕሊፋየሮችን ድምፅሽን ቀድተሽ በላክሽልን ካሴት ሞከርን። አዲሱ ጮኸ፤ ድምፅሽን ግን ቆርቆሮ አደረገው። አሮጌው በውስጡ ያሉት የመስታወት አምፖሎች እስኪግሉ አስጠበቀን።

«ይሄ እንደ ሽማግሌ ነው፤ ሳይሞቀው አያወራም» አለ ታሂር።

«ጯሂውን ለሰርግ አስቀምጠው» አለችው እማ። «እኔ የልጄን ትንፋሽ ነው የምፈልገው።»

አሮጌውን ገዛን። አሁን «ደህና ነኝ፤ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው» ስትዪ ከኋላሽ ያለውም ሁሉ ይሰማል። እማ እዚያው ቦታ ላይ እየመለሰች ታዳምጣለች። ምግብ አልበላም ብላለች፤ ሙቀቱ ይሆናል።

ፓስፖርትሽን የያዝሽው አንቺ ነሽ ወይስ ሰዎቹ? የምጠይቅሽ ለጎረቤታችን ልጅ ብዬ ነው፤ እሷም ልትሄድ አስባለች።

አላህ በሰላም ያገናኘን፤ ወንድምሽ መህዲ።

ይህን ስጽፍ እማ ካሴቱን እንደገና ከፈተችው። «ደህና ነኝ» አልሽ። አንድ ሰው በዐረብኛ «ኸላስ!»፣ በቃ፣ አለሽ። ከኋላሽ በር ተዘጋ።