የጥርስ መስታወት በዳንግላ የፈረስ ገበያ

ዳንግላ፣ ጥር ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ወዳጄ ተሰማ፣ እንደምን ከረምህ?

ሱቃችን ውስጥ በጥጥ ጠቅልለን ለሐኪም ብቻ የምናወጣትን ባለ እጀታ የጀርመን የጥርስ መስታወት፣ እዚህ የፈረስ ገዢዎች ተሻምተው ጨረሱልኝ! የፈረስ ዕድሜ የሚለዩት በጥርሱ ስለሆነ፣ ጣታቸውን ሳያስነክሱ መንጋጋውን ያዩባታል። የጥርስ መንቀያውን ጉጠት ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። ጀርመኖቹ ደንበኛቸው ፈረስ መሆኑን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ጉዱ የመጣው በኋላ ነው። የፈረስ ደላላው አቶ ሽባባው መስታወቷን በጋቢያቸው ጠረግ አድርገው፣ «እስቲ አንተም አፍህን ክፈት!» አሉኝ። አገላብጠው አዩና በገበያተኛው ፊት፣ «ይኸስ አርባን ተሻግሯል!» አይሉ መሰለህ? ደግሞ አልተሳሳቱም።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። እናትህን ሳምልኝ። እጮኛዬን እህተማርያምንም ሰላም በልልኝ። ለእሷ ሠላሳ ሁለት ነኝ ብያታለሁና፣ ስመለስ አፌን ሸፍኜ ነው የምስቀው።

ሰይፈ