መጀመሪያ አማርኛውን ይልመድ

የካ፣ ኅዳር 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞሃል? ሳልህስ ለቀቀህ? እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ዝም ያልኩት ንዴቴ እስኪበርድልኝ ነበር። አልበረደም።

ስድስት ገጽ ሙሉ ጀርመኖችን ከሰስክልኝ። ፓርላማቸው «ስደተኛ በዛብን፣ በሩ ይዘጋ» እያለ ይጨቃጨቃል። ጋዜጣቸው «መጀመሪያ ቋንቋችንንና ሥርዓታችንን ይልመዱ» ይላል። ከበታችህ ፎቅ ያለችው አሮጊት ደግሞ እንግዳ በመጣብህ ቁጥር ለፖሊስ ትደውላለች። «እኔ ሰው አይደለሁም ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል።

እኔን ነው የምትጠይቀው? ባፈናን ረሳኸው? ከከምባታ መጥቶ ድንጋይ መፍለጫው አጠገብ ጎጆ የቀለሰው፣ እሱንና ሚስቱን አስካለችን እድራችን እንዲያስገባቸው የለመነው ባፈና? የእድሩ ጸሐፊ አንተ ነበርክ። ብድግ ብለህ «ዛሬ እሱን ብንቀበል ነገ ዘመዶቹን ሁሉ ያግተለትላል፤ መጀመሪያ አማርኛውን ይልመድ» አልክ። ሽማግሌዎቹ እሺ ሊሉ ነበር፤ ያንተ ምላስ መለሳቸው። በዚያው ዓመት ልጃቸው ስትሞት ድንኳን የሚተክልላቸው ጠፍቶ ሁለቱ ብቻቸውን ቀበሯት። በመንገድ ስታልፍ አየሃቸው፤ ቆም እንኳ አላልክም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ጀርመኖቹ ላይ ለመፍረድ አፍ የለህም።

ስለ እማዬ ጠይቀሃል። ነሐሴ ላይ ታመመች። መንገዱ ጨቅይቶ ታክሲ አልወጣም አለ። ከኮረብታው እስከ አስፋልቱ በጀርባው አዝሎ ያወረዳት ባፈና ነው። ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ሾርባ ያመላለሰችላት አስካለች ናት። እማዬ በመጨረሻ «ልጄ» የምትለው እሱን ሆኖ ነበር፤ ብትቀና ቅና። አሁን ምንም አያማትም። ለእሷ የላክኸውን ካፖርት ለአስካለች ሰጥቻታለሁ።

በጥቅምት ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ሲተከል ካስማውን የመታውም ባፈና ነው። የእድሩ ሰዎች ቀና ብለው ሊያዩት አፈሩ። አሁን እንግዲህ ይግባ ብለዋል። ግን ሊቀመንበሩ አቶ ነገሳ «ተቃውሞው መዝገብ ላይ የሰፈረው በወንድምሽ እጅ ነው፤ ቃሉን ራሱ ያንሳ» አሉኝ። ደንብ ሆኖባቸው ነው እንጂ እኔስ አንተን ባልለመንኩ። የምትፈርምበትን ወረቀት አዘጋጅቼ እዚያው ከተማህ ላለው ለአብሮ አደግህ ለሀሚድ ልኬለታለሁ።

በታኅሣሥ የመጀመሪያው እሁድ፣ ገና ሳይነጋ፣ ሱብሒ እንደሰገድክ፣ ሀሚድ በርህን ያንኳኳል። ብቻውን አይመጣም፤ የአገር ልጆችን ሰብስቦ ነው። በዚህ ሰዓት ምን ልትሠሩ መጣችሁ አትበላቸው። አሮጊቷም ፖሊስ ከጠራች ትጥራ፤ ለእሷ ብለህ ድምፅህን እንዳትውጥ። ወረቀቱን በኋላ ትፈርማለህ። መጀመሪያ በሩን ክፈትላቸው።

አላህ ላንተ ሰብሩንና ጽናቱን ይስጥህ፤ የኔንም ንዴት ያብርድልኝ።

አሁን ካንተ በቀር ማንም የሌላት
እህትህ