ለጡቴ የመጣው ንፍሮ

ሞጣ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለወይንእሸት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስደውል ባልሽ ታደለ ያነሳና «ተኝታለች» ይለኛል። እንዳልተኛሽ አውቃለሁ። ስልኩን እምቢ ብትይ ደብዳቤውን አትመልሽውም ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ከስድስቱ ኬሞ ሁለቱን ወስደሽ፣ የጥቅምት 25ቱን አልሄድም ብለሻል አሉ። ጸጉርሽ ካለቀ ወዲህ በቢቸና ሰው ፊት ለመታየት አፍረሽ ነጠላ ተከናንበሽ ትውያለሽ አሉ። ጎረቤቶችሽም ከንፈር እየመጠጡ «ያ ክፉ በሽታ» ይላሉ። ስም አለው እኮ፤ ካንሰር ነው። ስሙን ስለደበቁት የሄደ በሽታ አላየሁም።

ያን ጊዜ አራስ ስለነበርሽ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። የዛሬ ሰባት ዓመት ሕመሜን ከሰው ደብቄ አዲስ አበባ ታክሜ ራሴን ተላጭቼ ተመለስኩ። ከአውቶቡስ ስወርድ ጎረቤቴ ፈንታነሽ አየችኝ። የተላጨ ራስ በአገራችን ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ምንም ሳትጠይቀኝ ሮጠች። ጫማዬን ሳላወልቅ የእድር ሴቶች ንፍሮ ይዘው እያለቀሱ ገቡ።

«ማን ነው የሞተብሽ፣ እህቴ?» አለችኝ ፈንታነሽ ደረቷን እየደቃች።

«ጡቴ» አልኳት። «ግራ ጡቴ። ቀብሩም እዚያው አዲስ አበባ ተፈጽሟል። እኔ ቋሚ ነኝ፤ ተቀመጡና ንፍሮውን እንብላ።»

 አንዷ ሳቋ አመለጣት፤ ሁላችንም ተከተልን። አፌ በመድኃኒቱ ቆስሎ ባቄላው እንደ ጠጠር ነበር። እልህ ይዞኝ አንድ በአንድ አላመጥኩት።

አልዋሽሽም፤ ኬሞ ይጥላል፣ ያስመልሳል፣ የገዛ ምራቅሽን ያስጠላሻል። ግን ያልፋል። ጠበሉንም ጠጪ፤ እኔም ለመርጡለ ማርያም ተስዬ ስለቴን አግብቻለሁ። እመቤታችን ግን ከቀጠሮ ቅሪ አላለችኝም።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። በየዓመቱ ለምርመራ ተመለሺ ተብዬ ሁለት ዓመት ቀርቻለሁ። ሲጠይቁኝ ሥራ በዛብኝ እላለሁ። ፈርቼ ነው። ለሰው ስመክር ጀግና ነኝ፤ የራሴን የቀጠሮ ወረቀት ግን ሳጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ቀብሬዋለሁ። ትናንት አወጣሁት።

ጥቅምት 24 ጠዋት ከሞጣ ወደ አዲስ አበባ በሚነሳው አውቶቡስ ሁለት ወንበር ይዣለሁ። ቢቸና መናኸሪያ ስንደርስ በመስኮት እፈልግሻለሁ። ነጠላውን ትከሻሽ ላይ ጣል አድርጊው፤ ራስሽን አትሸፍኚ። ማን ሞተባት የሚል ካለ መልሱን አስተምሬሻለሁ። ካጣሁሽ እዚያው እወርዳለሁ፤ ያንን የሆስፒታል በር ብቻዬን የምገባበት ልብ የለኝም።

ታደለን ሰላም በይልኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። እመብርሃን ጉልበት ትሁንሽ፤ ለመንገዱም ለመመለሻውም።

ቋሚዋ እህትሽ፣
ይርጋነሽ