የሬስሊንግ የመጨረሻው ፈሪ

ውድ ሊውል፣

አውራ ጣትህ ደርሶናል። ሰኞ ዕለት እናትህ «ልጄ ደህና ነህ ወይ?» ብላ ለላከችልህ ቴክስት ከአንተ የመጣው መልስ አንዲት ቢጫ አውራ ጣት ናት። ከዚያ ወዲህ ስልክህ ይጠራል፣ ይጠራል፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ሴትዮ በእንግሊዝኛ «መልእክት አስቀምጡ» ትላለች። እኔም ሳስቀምጥ ሰነበትኩ። አሁን ከዘመዶቻችን ሁሉ የበለጠ ድምፄን የምታውቀው ያቺ ሴትዮ ሳትሆን አትቀርም።

ስለዚህ በደብዳቤ መጣሁብህ። ደብዳቤ በአውራ ጣት አይመለስም። ደግሞ «አማርኛው ከበደኝ» እንዳትለኝ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪህ ያን ሁሉ ዓመት የለፉት በከንቱ አይደለም። ያልገባህን ቃል ዝለለው። እኔም የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲመጣልኝ የማደርገው እሱኑ ነው፣ እስካሁን አልታሰርኩም።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። አንገትህ ደህና ነው? ሰኞ በቲቪ ትግሉ ላይ ያ ግዙፍ ሰውዬ ከሪንጉ ላይኛው ገመድ አንስቶ ሲወረውርህና በአንገትህ ስትወርድ ያየሁት ነገር የታሰበበት ነው ወይስ አደጋ ነው? ድርጅታችሁ «ለማንም አትናገር» ብሎህ ነው ዝም ያልከው ወይስ መናገር አቅቶህ? ይህን ሳላውቅ ምግብ አይወርድልኝም። እናትህ ጽጌወይን «አባዬ፣ ይረጋጉ እንጂ፤ ቴክስት አድርጓል እኮ» ትለኛለች። እሷ ራሷ ግን ማጠቢያው ላይ ቆማ አንዱን ብርጭቆ ደጋግማ ስታጥብ አያታለሁ።

«አባባ፣ ሬስሊንግ እንዴት እንደሆነ ታውቅ የለ?» እንደምትለኝ ይገባኛል። አዎ፣ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ አውቃለሁ። እዚህ ከተማ እንደመጣሁ ካዚኖ ውስጥ የሲጋራ መተርኮሻ ስጠርግ፣ ምድር ቤት ባለው የሠራተኞች ምግብ ቤት አንድ ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሰኞ ሰኞ በእረፍታችን ሰዓት ካርታ አዳዮቹ ከነክራቫታቸው፣ ፊሊፒናዊው ወጥ ቤት ከነማንኪያው፣ እኛ ሐበሾቹም ከነመጥረጊያችን እንቆማለን። ያን ጊዜ ሁለት የሬስሊንግ ድርጅቶች በአንድ ሰዓት በሁለት ቻናል ይፎካከሩ ስለነበር ሪሞት የያዘ ሰው እንደ ንጉሥ ነው። አንዲት መኝታ ክፍል የምታጸዳ ሜክሲኳዊት ነበረች፤ አንዱ ወንበር ሲያነሳ ዓይኗን በምግብ ትሪዋ ትሸፍናለች። ተነጋግረው እንደሚሠሩት ሁላችንም እናውቃለን። እሷም ታውቃለች። ግን ትሪውን ዝቅ አታደርገውም።

ኋላ አንደኛው ድርጅት ሌላውን ገዝቶ ዋጠው፣ በሪሞት መጣላትም ቀረ። እኔ ጡረታ በወጣሁበት ዓመት ያው ክፍል፣ ያው ግድግዳ፣ ቴሌቪዥኑ ብቻ ቀጠን ብሎ አዲስ ሆኗል። ሬስሊንጉም እየታየ ነው። ሰው ሁሉ ግን አቀርቅሮ አንድ እጁ ሹካ ላይ፣ አንድ እጁ ስልኩ ላይ። አንዱ ወንበር አንስቶ አንዱን ቢፈጠፍጠው ቀና ያለ የለም።

አንተ የመጣኸው በዚህ መሀል ነው። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ በነበረችው ጠባብ አፓርታማችን፣ ሶፋው ላይ ከጎኔ ተለጥፈህ። ትዝ ይልህ እንደሆነ እንጃ፣ አንተ ትንሽ ልጅ ሆነህ «እምቢ» የሚል ቃል አታውቅም ነበር። ራስህን ብቻ ትነቀንቃለህ። «ሾርባ ትበላለህ?» ወዲያ ወዲህ። «እንተኛ?» ወዲያ ወዲህ። «በል ሬስሊንጉን ላጥፋው?» ያኔማ እንደ ቬንትሌተር! እናትህ «ኧረ ይሄ ልጅ አንገቱ ይቀነጠሳል!» ትል ነበር። እኔ ደግሞ ለጨዋታው ስል አውቄ እጠይቅሃለሁ።

አንድ ቀን «አባባ፣ ትሩ ነው ወይስ ውሸት?» አልከኝ። «ንዴቱ ውሸት ነው፣ አወዳደቁ እውነት ነው» አልኩህ። አፌን በቆረጠው! ያቺን ይዘህ አይደል ፍሎሪዳ ድረስ መውደቅ ልትማር የሄድከው?

ስትሄድ ዘውገ ያለኝን አልነገርኩህም። ዘውገን ታውቀዋለህ፣ ታክሲ ይነዳ የነበረው፣ አሁን ሴንቴኒያል ሂልስ ልጁ ቤት ተቀምጦ በስልክ ብቻ የሚጨቀጭቀኝ። «የልጅ ልጅህ ሰው ሁሉ የሚወርድበት አውቶቡስ ላይ ነው የሚሳፈረው» አለኝ።

«እንዴት ሆኖ?»

«ማነው አሁን ሬስሊንግ ለማየት ቲቪ ፊት ሦስት ሰዓት የሚቀመጠው? ልጆቹ የወደቀበትን ቦታ ብቻ ቆርጠው በስልካቸው ያዩታል። የኬብል ቲቪውንም ሰው አስቆርጧል። ድሮ ክፉው ክፉ ነበር፣ ቤቱ ድረስ ክፉ ነበር። የአሁኖቹ ሪንግ ላይ ተናንቀው ሲያበቁ አብረው በርገር እየበሉ ፎቶ ይለጥፋሉ። ታላላቆቹም ወይ አርጅተዋል ወይ ፊልም ሊሠሩ ሄደዋል።»

«ታክሲስ ተሳፋሪው ቀንሶ የለ? አንተ ስንት ዘመን ሙጭጭ ብለህ ነዳህ!»

«ቀነሰና ነዋ የወረድኩት!» አለና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ዘውገ ከተናገረው አብዛኛው ልክ ነው፣ እንዳትነግረው። ግን አንድ ነገር ስቷል። እሱን የተረዳሁት ሰኞ ዕለት ነው።

የሰኞውን እኔ ከነበርኩበት ልንገርህ፣ አንተ ጀርባህ ላይ ተንጋለህ ስለነበር አላየኸውም። በኮሮናው ምክንያት አዳራሹ ውስጥ ሰው እንደማይገባ፣ በሪንጉ ዙሪያ በተደረደሩት ስክሪኖች ላይ ከየቤቱ በካሜራ የገባ ተመልካች ፊት እንደሚታይ እናንተው ናችሁ የነገራችሁን። እህትህ ሀሌታ አስመዘገበችኝ። ላፕቶፑን የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ሰቀለችው፣ እኔ ሙሉ ልብሴን ለበስኩ፣ ቡናማ ክራቫቴን አሰርኩ። ፍሎሪዳ መሽቷል፣ እዚህ ገና የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ግንባሬ ላይ ነው። «አባባ፣ ሩሉ ይሄ ነው» አለች፣ «ከወንበር መነሳት የለም፣ መብላት የለም፣ ሊውል ሲመጣ ቡ እያልክ መስደብ አለብህ። እሱ ባድ ጋይ ነው።»

ባድ ጋይ! ክፉው ሰውዬ! ከወርቅ የተሠራ የሚመስል ኮት ለብሰህ፣ የቬጋስ ሀብታም ቁማርተኛ ነኝ ብለህ የወረቀት ዶላር እየበተንክ ብቅ አልክ። እናትህ ከሆቴሉ ሥራ ከተቀነሰች ዓመት ሊሞላት ነው፣ አንተ በቲቪ ብር ትበትናለህ! እኔም ሥራዬን ሠራሁ። «ኡኡ! ሌባ! ባለጌ! ያሳደገህ ይፈር!» አልኩ። ሀሌታ ምንጣፉ ላይ ወድቃ ሳቀች፣ ያሳደግሁህ እኔ መሆኔ ገብቷት። ወዲያው ዘውገ ደወለ። «ዋለልኝ! ጥርስህ በቲቪ ወጣ! የታችኛውን ረድፍ የት ጥለኸው ነው?» እንደዚያ የሳቅኩበት ቀን ከኮሮናው ወዲህ የለም።

ከዚያ ወደቅህ።

ባለፈው በቪዲዮ ስታስተምረኝ «አባባ፣ አገጬ ደረቴ ላይ ከተጣበቀ አትፍራ» ብለኸኝ ነበር። አገጭህን ፈለግሁት፣ የሰውዬው ክንድ ጋርዶታል። መሬት ነክተህ ቀረህ። እጅህ አልተንቀሳቀሰም። ዳኛው ተንበረከከ፣ ፊትህን አየ፣ ቀና ብሎ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ እንደ ኤክስ አጣመረ። የሀሌታ ሳቅ ተቆረጠ። «አባባ፣ እሱ ሪል ነው» አለች፣ «ዳኛው እንደዚህ ሲያደርግ የእውነት ተጎድቷል ማለት ነው።» አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው የለም፣ ግን ያ የተቀዳ የሕዝብ ጩኸት አላቆመም። አንተ ተዘርረህ ማሽኑ «ዬ!» ይላል።

እኔ ተነሳሁ። ምን አስቤ እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ወደ አንተ የምደርስ መስሎኝ ወደ ላፕቶፑ ሄድኩ። ግንባሬ ስክሪኑን ሞላው አሉ፣ ከሪንጉ ጥግ እንደ ግድግዳ የሚያክል የሽማግሌ ግንባር። «ተውት! ልጁን እንዳትነኩት! ሊውልዬ፣ አንገትህን አታንቀሳቅስ! አታንቀሳቅሰው ልጄ!» እያልኩ ጮህኩ። ቆረጡኝና በእኔ ቦታ ፀጉሩን ሰማያዊ የቀባ ጎረምሳ አስገቡ።

ያችን የቪዲዮ ቁራጭ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አያት። ሀሌታ «አባባ፣ ቫይራል ሆነሃል!» አለችኝ፤ ግማሽ ፊቷ ደስ ብሎታል፣ ግማሹ ሊያለቅስ ነው። የማላውቀው ሰው ግሮሰሪ ውስጥ፣ ከነማስኬ ለይቶኝ፣ ደረቱን እየደቃ «ሰር፣ ልጁ እንዴት ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? ጣት አሳየሁት፣ አውራ ጣት።

ማክሰኞ ከድርጅታችሁ አንዲት ትሁት ሴት ደወለች። ሀሌታ አስተረጎመችልኝ። በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሼ እንድቀመጥላቸው ነው የሚፈልጉት። ያው ወንበር፣ ያው ክራቫት። «እንደ ባለፈው ሆነው ቢያደርጉልን» ይላሉ። እንደ ባለፈው!

«ልጁ እንዴት ነው በያት» አልኩ።

«ጥሩ እንክብካቤ እየተደረገለት ነው ትላለች።»

«ተኝቷል ወይስ ቆሟል?»

ሀሌታ ጠየቀች፣ አዳመጠች፣ ስልኩን በእጇ ሸፈነችው። «አባባ፣ ስለ ታሪኩ ቀድመን አንናገርም ትላለች።»

ታሪኩ! እኔ ስለ አንገት ስጠይቅ እሷ ስለ ታሪክ ትመልሳለች። ሀሌታን «ዝጊው» አልኳት።

ለዘውገ ስነግረው እንደ ልማዱ አልጮኸም። ዝቅ ባለ ድምፅ «ዋለልኝ፣ ያን እጅ ማጣመሩንም እኮ አሁን ለትርዒት ያደርጉታል» አለኝ። «ምልክቱንም ሸጠውታል። ልጁ ደህና ነው፣ አትፍራ።» ከዘውገ ጋር ስንከራከር ስንኖር እሱ ልክ እንዲሆን የጸለይኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስልኩን እንደዘጋሁ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። እውነት የሚነገርበት ምልክት ከተሸጠ፣ በእውነት የተሰበረ ሰው በምን ይጣራል?

ሰው ሬስሊንግን ለምን ተወው ብትለኝ፣ የእኔ መልስ ይኸው ነው። ውሸት መሆኑን ስላወቀ አይደለም፤ ያቺ ባለ ትሪዋ ሴትም ታውቅ ነበር። ለሚወድቀው ሰው መፍራት ስለተወ ነው። ስልክ ላይ የወደቀውን አይቶ፣ መነሳቱን ሳይጠብቅ በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ ሌላው ያልፋል። ሰኞ ዕለት ሕዝቡ ቀና ያለው አንድ የፈራ ሰው ስላየ ነው። ድርጅታችሁ ደግሞ ይህን አይቶ ፍርሃትህን በየሳምንቱ አምጣልን ይላል። እኔ ፍርሃት በሺፍት አልሠራም ልጄ፣ ኦቨርታይሙን እንኳ አልቻልኩትም።

ሀሌታን ያችን ቁራጭ ቀስ አድርጊልኝ እያልኩ አያታለሁ። አገጭህን እፈልጋለሁ። ሁልጊዜ ያ ክንድ ይጋርደዋል።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። ይህ ደብዳቤ በፈጣን ፖስታ ነው የሚመጣው፣ ከሰኞ በፊት ይደርስሃል። ሲደርስህ ቪዲዮ ከፍተህ ደውልልኝ። ቃል አትናገር። እንዳትናገር አስፈርመውህ ከሆነ ፊርማህን አላስፈርስህም፣ ስለ ታሪካቸውም አልጠይቅህም፤ እነሱ ጋ ያለው ታሪክ የራሳቸው ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቅሃለሁ፦ «ሊውልዬ፣ ይሄን ሥራ ተወውና ወደ ቤትህ ና፤ ትመጣለህ?»

ከልቤ ነው የምጠይቅህ። ብትመጣ ደስታዬን አልችለውም፣ ሶፋው ላይ ቦታህ አልተያዘም። አንተ ግን እንደ ልጅነትህ፣ እንደ ሾርባው ጊዜ፣ ራስህን ወዲያና ወዲህ ነቅንቅልኝ። ጥርት አድርገህ፣ አንገትህ ከትከሻ እስከ ትከሻ ሲዞር ልይ። በሕይወቴ እንደዚያ እምቢታ የምመኘው ነገር የለም። ካየሁት ሰኞ ያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ የታችኛውን ጥርሴን ፈልጌ አድርጌ፣ ከዚህ እስከ ፍሎሪዳ በሚሰማ ድምፅ እሰድብሃለሁ። ካላየሁት ግን ክራቫቴን አስሬ፣ ማስኬን አጥልቄ፣ እናትህን አስከትዬ እመጣለሁ፤ ያቺ ትሁት ሴትም ታሪኳን ፊት ለፊት ትነግረኛለች።

ስልኩ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ከአጠገቡ አልነሳም።

የሬስሊንግ የመጨረሻው ፈሪ፣
አያትህ ዋለልኝ