ሳሙና ያጠቆረው ጨርቅ፦ የወይዘሮ ዩስቲና የሕይወት መንገድ

ዛሬ የምንሸኛቸው ወይዘሮ ዩስቲና በስሎቫኪያ፣ በኪሱትሴ ተራሮች፣ ፓሲዬኪ በምትባለው መንደራችን እ.ኤ.አ. በ1938 የካቲት ወር ተወለዱ። አባታቸው አቶ ብላዠይ የተሰበረ ሸክላ በሽቦ እየጠገኑ አገር ላገር የሚዞሩ ሰው ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ ሮዛሊያ ደግሞ በንጽሕናቸው የሚኮሩ ሴት ነበሩ።

ኩራቱ ግን ብዙ አልቆየም። የሕፃኗ የሽንት ጨርቅ ጥቂት ሲቆይ ይጠቁር ጀመር። ሮዛሊያ በአመድ ውሃ ቀቀሉት፤ ጠቆረ። ቤት በተሠራ ሳሙና ፈተጉት፤ ባሰበት። ወንዝ የወረዱ ሴቶችም፣ "ሮዛሊያ፣ ለመሆኑ ልጅቷን የምታጠቢያት ወተት ነው ወይስ ቀለም?" እያሉ ይስቁባቸው ነበር። በመንደራችን ሁሉም ሰው የቤተሰብ ስሙ አንድ ዓይነት ስለሆነ የምንለየው በቤታችን ቅጽል ነው። እስከዚያ ድረስ "ሽቦ ቤት" ይባል የነበረው ቤታቸው፣ አንድም ቀለም የቆጠረ ሰው ሳይኖርበት "ቀለም ቤት" ተባለ። ሮዛሊያም አንገታቸውን ደፉ፤ ከዚያ ወዲያ ጨርቅ የሚያሰጡት ሰው በማያየው በጣሪያው ሥር ሆነ።

ወይዘሮ ዩስቲና ትምህርታቸውን በ1952 ጨርሰው በደን ችግኝ ጣቢያ ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም እዚያው ሠሩ። ችግኝ ሲተክሉ ያፏጩ ነበር። የሴት ፉጨት ሰይጣን ይጠራል ለሚሏቸው፣ "ይምጣ፣ አካፋ እሰጠዋለሁ!" ይሉ ነበር።

በ1958 ከተራራው ማዶ፣ ግንድ በፈረስ ከሚጎትቱት ከአቶ ቨንደሊን ጋር ተዋደዱ። በደንባችን ከቀለበት በፊት የሴቷ ወገን የወንዱን ቤት፣ ከበረት እስከ ምድጃ፣ ሄዶ ያያል። ሮዛሊያ መንገድ ላይ፣ "ልጄ፣ ቀለበቱ ጣትሽ ላይ እስኪገባ አፍሽን ያዢ" ብለው ለመኗቸው። እሳቸው ግን፣ "እማዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አሉ። ቨንደሊንን እንዳያጡ ፈርተው ነበር፤ ዋሽቶ መግባቱን ግን የባሰ ፈሩት።

ቨንደሊን ቤት ደርሰው ማዕድ ሲቀመጡ የድንች ቁርጥራጭ በበግ አይብ ተለውሶ ቀረበ። ዩስቲና ሹካቸውን አስቀመጡና የቨንደሊንን እናት፣ ወይዘሮ ፊሎሜናን፣ "እመቤቴ፣ በልጅነቴ ጨርቄ ይጠቁር ነበር፤ አሁንም ሽንቴ ሲቆይ ይጠቁራል። የምወልዳቸውም እንደኔ ይሆኑ ይሆናል" አሏቸው። ሮዛሊያ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ፊሎሜና ተነሥተው ከምድጃው ጀርባ ያለውን በር ከፈቱ። ገመዱ ላይ የመጨረሻ ልጃቸው ጨርቅ ተሰጥቷል፤ ጥቁር!

"እናንተ እንዳትሸሹ ጠዋቱን ሙሉ ይህን ስደብቅ ነው የዋልኩት!" አሉ ፊሎሜና።

ሮዛሊያ ቀርበው ጨርቁን ዳሰሱት። "አመድ ስንት እፍኝ ነው የምትጨምሪበት?"

"ሁለት ነበር። አሁን አራት አደረግሁት።"

"ይብሱን ይጠቁራል፣ አይደል?"

"ይብሱን እንጂ!"

ሁለቱ እናቶች ተቃቅፈው መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎም አለቀሱ። ሠርጉ በ1959 ሆነ።

ወይዘሮ ዩስቲና ፂፕሪያንን፣ ብሪጊታን፣ ሌዎካዲያንና ራፋኤልን ወለዱ። የሁለቱ ጨርቅ ጠቆረ፤ እሳቸውም በመንገዱ ትይዩ፣ አጥሩ ላይ አሰጡት። በ1967 ወደ መንደራችን የመጣ ሐኪም ነገሩን አስረዳ። ከሥጋ፣ ከአይብና ከእንቁላል የምናገኘው አንድ ነገር በእነርሱ ሰውነት ውስጥ መንገዱን ሳይጨርስ ይቀርና በሽንት ይወጣል፤ ነፋስ ሲያገኘው ይጠቁራል፤ አመድና ሳሙና ደግሞ ያፋጥኑታል። ስሙም ሆሞጀንቲሲክ አሲድ ነው። ዩስቲና ይህን ስም አንድም ቀን አስተካክለው ጠርተውት አያውቁም፤ "ቀለሜ" ነበር የሚሉት። አጠገባቸው ተቀምጠው የነበሩት አሮጊቷ ሮዛሊያ ግን ደነገጡ። "እንግዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ያጠቆርኩት እኔው ነኝ?" ቢሉ ልጃቸው፣ "ከንጽሕናሽ ብዛት ነዋ፣ እማዬ!" አሏቸው። ሮዛሊያ እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ በኋላ በኖሩባቸው ጥቂት ዓመታት ልብሳቸውን ያሰጡት በአደባባይ ነበር።

ቀለሙ ግን ዕዳ አልባ አልነበረም። በዕድሜያቸው ጆሯቸው ሰማያዊ መሰለ፤ ወገባቸውና ጉልበታቸውም ታመመ። በ2004 ጉልበታቸው በቀዶ ሕክምና ሲቀየር፣ የወጣው ከሰል የመሰለ ነገር ካላየሁ ብለው አስመጡና፣ "አደራ፣ ምድጃ ውስጥ እንዳትከቱት" አሉ። ከስድስት ዓመት በኋላ ቨንደሊንን ቀብረው እጅግ አዘኑ፤ ሆኖም ጠግቤ ኖሬአለሁ ማለትን አልተዉም።

ባለፈው መስከረም ልባቸው ደከመ። በዚያው ሰሞን የልጅ ልጃቸውን የቴክላን እጮኛ የወለዱት ወይዘሮ ከከተማ ሊጠይቋቸው መጡ። እኛ ቤተሰቦቻቸው ሠርጉ እስኪያልፍ ነገሩን ላናነሣ ተማምለን ነበር። እሳቸው ግን ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ "ቁጭ በይ ልጄ፣ እኛ ቤት የሚጠቁር ነገር አለ" ብለው ሁሉንም ነገሯቸው። እንግዳዋ አዳምጠው ሄዱ። ለቀናት ስልክ አልተደወለም፤ ቴክላም አያቷን አኮረፈች። በመጨረሻ ስልኩ ጮኸ። ሴትየዋ ናቸው። "በእናንተ ወገን ስንት ሰው ይመጣል? አዳራሹ እንዳይጠበን ብዬ ነው" አሉ። ወይዘሮ ዩስቲና አልጋቸው ላይ ሆነው አፏጩ። ቴክላም ሮጣ ሄዳ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

ወይዘሮ ዩስቲና በተወለዱ በ81 ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 2019 ማለዳ፣ በልጆቻቸው መካከል ዐረፉ። አራት ልጆችን፣ የልጅ ልጆችንና ችግኝ ሆነው ያውቋቸው የነበሩትን ዛፎች ትተውልናል። መሐሪው አምላክ ጉልበት በማይዝልበት፣ ወገብ በማይጎብጥበት ቤቱ ይቀበላቸው፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።

በአገራችን ልማድ ሐዘን የገባበት ቤት ዓመት ሳይሞላው አይጨፍርም። እሳቸው ግን ቀኑ እንዳይነካ በጥብቅ አዘው ነው የሄዱት። የቴክላ ሠርግ የፊታችን ቅዳሜ ነው። እዚህ ያላችሁ ሁሉ ተጠርታችኋል፤ ጥቁር ለብሳችሁ እንዳትመጡ ብለዋል።