«ስም መጻፍ አያስፈልግም»

ጥቅምት 4

ዛሬም ከሮቢት ወጣ ብሎ ባለው ኬላ ቆመን ዋልን። የሽንኩርት መኪና፣ ባጃጅ፣ ሐሩር... ጠዋት ሁለት ሰው አረፈደ ብሎ አዛዣችን ኢንስፔክተር ታምራት ሁላችንንም አሥር ዙር አስሮጠን። እኛ ጋ ስፖርት ማለት ቅጣት ነው። ሌላ ትርጉም ካለው ረስቼዋለሁ።

ጥቅምት 7

ከጤና ቢሮ የመጡ ሰዎች ቅጽ አስሞሉን። በሳምንት ስንት ቀን ስፖርት ትሠራለህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? ስም መጻፍ አያስፈልግም አሉ። ሦስት ዓመት አብሮኝ የቆመው ሷሊሕ ሳያነብ «ደህና ነኝ» የሚለው ላይ ሁሉ ምልክት አደረገ።

«ምን ታስባለህ? ሙላና ስጥ!»

እውነቱን ጻፍኩ። በነሐሴ የተገለበጠው ሚኒባስ... ሕፃናቱን በእጄ ካወጣሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ድንገት እንቀጠቀጣለሁ።

ጥቅምት 11

ቅጾቹን የሰበሰበው ታምራት ራሱ ነው ለካ! የእጅ ጽሑፌን ያውቀዋል፤ የጣቢያውን መዝገብ የምጽፈው እኔ ነኝ። ጠራኝ።

«ሰዲቅ፣ ክላሽህን አስረክብ። ከዛሬ ጀምሮ በር ላይ ነህ።»

«ሐኪም ዘንድ ይላኩኛል?»

«ለአንተው ብዬ ነው። ሂድ።»

ለእኔ? ለእኔ ቢሆን ኖሮ ሐኪም የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም ነበር?

ጥቅምት 12

ሐያት «ምን አጥፍተህ ነው?» አለችኝ። የገዛ ሚስቴ! ጮህኩባት። ወላሂ ምን አጠፋሁ? እሷስ ምን አጠፋች?...

ጥቅምት 16

ደግሞ ሩጫ። ረፋድ አራት ሰዓት፣ በዚያ ፀሐይ። እኔን «በሽተኛ አይሮጥም» ብሎ በሩ ላይ ተወኝ። ጓዶቼ ሳቁ።

በአራተኛው ዙር ሷሊሕ ዘፍ አለ። ደረቱን ይዞ ትንፋሽ አጠረው፣ እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። ታምራት «ተነስ! አታስመስል!» ይላል። በሩን ጥዬ ሮጥኩ።

«ሷሊሕ፣ እየኝ። ቀስ ብለህ ተንፍስ።»

«ልሞት ነው?»

«አትሞትም። እኔንም እንዲህ ያደርገኛል።»

«በሩን ልቀቅ ማን አለህ?» ታምራት ነው።

አልቻልኩም። «እኔ እውነቱን ብጽፍ መሣሪያዬን ወሰዱ! እሱ ደበቀ፣ ይኸው ወደቀ! ምን እስክንሆን ነው የሚጠብቁት?»

ማንም አልሳቀም።

ጥቅምት 17

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ፈረምኩ።

ጥቅምት 20

እኔና ሷሊሕ ለሕክምና ፈቃድ ጠየቅን። ታምራት «ደግሞ ሁለት ሆናችሁ?» ብሎ አሾፈ። «ካልፈቀዱልን ያለ ፈቃድ እንሄዳለን» አልኩት። ፈረመ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሷሊሕ ቀድሞ ገባ። ሲያለቅስ ደጅ ሆኜ ሰማሁት። ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ቆመን... ይህን ሁሉ ተሸክሞ ኖሯል? አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም።

ተራዬ ደረሰ። ሐኪሟ «ምን ይሰማሃል?» አለችኝ።

«ንዴት።»

«በማን ላይ?»

ነገርኳት። ብዙ ነገርኳት። መጨረሻ ላይ በራሴም ላይ መሆኑን ነገርኳት። መድኃኒት አዘዘች፣ ቀጠሮ ሰጠች፣ በየቀኑ ተራመድ አለች።

ክላሼ አልተመለሰም። ታምራትን ሳየው አሁንም ደሜ ይፈላል። ይፍላ!

ባጃጅ ትተን በእግራችን ተመለስን። መለያያችን ላይ ሷሊሕ ቆመ።

«ነገም ጠዋት እንውጣ?»

«ማን አዞን?»

«ማንም።»

«እሺ። አሥራ ሁለት ሰዓት ደጅህ ነኝ።»