ሥራ የምታስቆም ፋይል

ንፋስ ስልክ፣ ማክሰኞ ኅዳር 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

የፋብሪካው ካድሬ ጓድ መኮንን ጠዋት ኮምፒውተር ክፍል ድረስ መጥቶ «ጓድ አልማዝ፣ የምርት ሪፖርቱ የት አለ? ይሄ አሻጥር ነው» አለኝ። ነገሩ ወዲህ ነው። መዝገብ የምንቀዳበት ቴፕ ስላረጀ የዓመቱ መዝገብ በትክክል አልተቀዳም። ከመቅዳት ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ ደግሞ ዋናውን መዝገብ ከዲስኩ ማጥፋት ነው፤ ሪፖርቱ የሚታተመው ከዚያ በኋላ ነው። የድሮው ፕሮግራም ቢሆን ዝም ብሎ ያጠፋው ነበር።

ፕሮግራሞቼ ሁሉ የሚጠሯትን ያቺን ትንሽ ፋይል የጻፍኳት ለዚህ ነው። አንድ ትእዛዝ ካልተሳካ ቀጣዩን አታስነካም። ሁሉንም አስቁማ ምክንያቱን ታትማለች።

ይህንኑ ሳስረዳው «ፋይሏን አውጪያት» አለኝ። «በዘመቻ ጊዜ ሥራ አይቆምም።»

«አላወጣትም፣ ጓድ። እሷ ባትኖር ዛሬ የዓመቱ መዝገብ አይኖርም ነበር።»

«ነገ ስብሰባ ላይ ትጠየቂበታለሽ» ብሎ በሩን ድርግም አድርጎት ወጣ።

ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት ፋይሏን ከፍቼ አንድ መስመር ጨመርኩባት። ከእንግዲህ ሥራ ባስቆመች ቁጥር ከምክንያቱ ሥር «ያስቆመችው አልማዝ ናት» ብላ ታትማለች። ማን እንደሆነ ሲፈልጉ እንዳይደክሙ።